ሕጋዊ መከላከል የሚያበቃው የት ላይ ነው?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳርቻ ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች በመረብ ተጣሉ እንበል። አንዱ ቢላዋ ይዞ ሲመጣበት ሌላው በታንኳው መቅዘፊያ መታው። ጥቃቱ ሕገ ወጥ፣ የደረሰ ወይም የተቃረበ፣ በሌላ መንገድም የማይመለስ ከሆነ፣ የምቱም ልክ ከአደጋው ጋር ከተመጣጠነ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 አይቀጣውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ቢላዋው ወድቆ፣ ሰውየው በደንገሉ መሃል ሲሸሽ አሳዶ መግደል መከላከል አይደለም፤ የሚመከት ጥቃት የለምና። ተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

ጥቃቱ ሳይቆም ልክ አልፎ መግደል ግን ሌላ ነው፤ በአንቀጽ 541 ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። ልኩ የታለፈው ጥቃቱ በፈጠረው ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 79 ከነጭራሹ ላይቀጣ ይችላል። ለዚህ ነው ምስክር ሲሰማ «ቢላዋው የወደቀው ከገዳዩ ምት በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚለው ጥያቄ የሚከብደው።