ከሃምሳ ዓመት በኋላ በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ኮንትራት ሥራ መፈለግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል በዳታቤዝ አስተዳደር፣ በሶፍትዌር ፍተሻ ወይም በኔትወርክ ሥራ ላይ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይተው፣ ዛሬ ከቋሚ ሥራቸው ተቀንሰው ኮንትራት የሚፈልጉ ጥቂቶች አይደሉም። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2025 የፌዴራሉ መንግሥት ሠራተኞቹን ሲቀንስና ከኩባንያዎች ጋር የገባቸውን ውሎች ሲሰርዝ፣ ነገሩ በዚህ አካባቢ የየቤቱ ወሬ ሆኖ ነበር። በለቅሶ ቤትና በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚሰጠው ምክር ከቅን ልብ የሚመነጭ ቢሆንም፣ አብዛኛው ኮንትራትን ከቋሚ ቅጥር ጋር አንድ አድርጎ ስለሚያይ ሰሚውን ያሳስታል። ደጋግሜ ከሰማኋቸው መካከል ጥቂቶቹን እዚህ አነሣለሁ።

«ሃምሳ ያለፈውን ሰው በቴክኖሎጂ ማንም አይፈልገውም»

የዕድሜ አድልዎ የለም የሚል ሰው ሥራ ፈልጎ አያውቅም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቋሚ ሠራተኛ የሚቀጥር ኩባንያ እና ለስድስት ወር ኮንትራክተር የሚፈልግ ኩባንያ የሚያስጨንቃቸው ነገር የተለያየ ነው። ቋሚ ቀጣሪው ይህ ሰው ስንት ዓመት ይቆይልኛል፣ ወዴትስ ያድግልኛል ብሎ ያሰላል፤ ኮንትራት የሚሰጠው ግን ፕሮጀክቱ ዘግይቶበት ወይም ሥርዓቱ ተበላሽቶበት፣ ሰኞ ገብቶ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ የሚያስረክብለትን ሰው ይፈልጋል። ለዚህ ሁለተኛው ቀጣሪ፣ ያንኑ ችግር ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ የፈታ ባለሙያ ስለ ጡረታው የሚያስበው ነገር ጉዳዩ አይደለም።

ኮቦል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ1959 የተነደፈ ሲሆን፣ ዛሬም በባንኮች፣ በመድን ድርጅቶችና በክፍለ ግዛት መሥሪያ ቤቶች ትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ ይሠራል። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ሥራ አጦች በአንድ ጊዜ ሲጎርፉ፣ የኒው ጀርሲ ገዥ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞችን በአደባባይ እስከ መጥራት ደርሰዋል። ኤስኤፒ የተባለው የንግድ ሶፍትዌር ኩባንያም ኢሲሲ ለተባለው የቆየ ሥርዓቱ የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ በ2027 መጨረሻ እንደሚያበቃ ስላስታወቀ፣ ብዙ ኩባንያዎች መረጃቸውን ወደ አዲሱ ለማሻገር እየተጣደፉ ነው። እዚህ ላይ ግን ራስን ማታለል አይገባም፦ አሮጌውን ብቻ የሚያውቅ ሰው የሚፈለገው አሮጌው እስኪዘጋ ድረስ ነው፤ ከፍ ያለ ክፍያ የሚያገኘው ሁለቱንም ዳር የሚያውቅ፣ አሻጋሪው ነው።

የፌዴራል ውሎች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ለመንግሥት የሚሠሩ ድርጅቶች በውላቸው ውስጥ የሥራ መደቦች ዝርዝር ያስገባሉ፤ ለእያንዳንዱ መደብም ዝቅተኛ የትምህርት ደረጃና የልምድ ዓመት ይቀመጥለታል። ለከፍተኛው መደብ አሥር ዓመት ልምድ ከተጠየቀ፣ አምስት ዓመት ብቻ ያለውን ወጣት፣ ምንም ጎበዝ ቢሆን፣ ድርጅቱ በዚያ መደብ የሰዓት ዋጋ መንግሥትን ማስከፈል አይችልም። እዚያ ቦታ ላይ ሽበት በሰዓት የሚታሰብ ገንዘብ ነው።

«ዕድሜህን ለመደበቅ የድሮውን ሁሉ ከሬዙሜህ አጥፋ»

ይህ በከፊል ትክክል ነው። ለግል ኩባንያ የመጨረሻዎቹን አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓመታት በዝርዝር መጻፍና የምረቃ ዓመትን መተው የተለመደ ነው። ለፌዴራል ውል ግን ከላይ ያልኩት የዓመት ቁጥር በሬዙሜው ላይ በወርና በዓመት መታየት ስላለበት፣ የራስን ልምድ በገዛ እጅ ቆርጦ መጣል ይሆናል። ሁለት ሬዙሜ መያዝ ነው መፍትሔው። ከዚህ በተቃራኒ ያልሠሩትን ሥራ የመለጠፍ ልማድ በመካከላችን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለመንግሥት በሚሠራ ሥራ ላይ የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ ስለሚኖር፣ ይህ ሥራን ብቻ ሳይሆን ስምንም ያሳጣል።

«የዕድሜ አድልዎ ሕግ ይጠብቀኛል»

በ1967 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ይጠብቃል፤ የሚመለከተውም ቢያንስ 20 ሠራተኞች ያሏቸውን ቀጣሪዎች ነው። ብዙዎች የማያውቁት ግን ሕጉ የሚጠብቀው ተቀጣሪንና የቅጥር አመልካችን እንጂ፣ በ1099 (ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው በሚሰጥ የገቢ ቅጽ) የሚከፈለውን ራሱን የቻለ ተቋራጭ አለመሆኑን ነው። በሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት በኩል በደብሊው-2 (በተቀጣሪ የደመወዝ ቅጽ) የተቀጠረ ሰው ግን የድርጅቱ ሠራተኛ ስለሆነ በሕጉ ይሸፈናል።

ይኸው ሕግ ከሥራ በሚቀነሱበት ቀን ይበልጥ ይጠቅማል። መሥሪያ ቤቱ ካሣ ሰጥቶ «በዕድሜ አድልዎ አልከስም» የሚል ወረቀት ሲያስፈርም፣ ዕድሜው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ወረቀቱን የሚያጤንበት 21 ቀን፣ ቅነሳው የብዙ ሰው ከሆነ ደግሞ 45 ቀን ሊሰጠው ይገባል፤ ከፈረመ በኋላም በ7 ቀን ውስጥ ሐሳቡን መቀየር ይችላል። በድንጋጤ በዚያው ጠረጴዛ ላይ የሚፈርሙ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

«በሰዓት 65 ዶላር ከበፊቱ ደመወዜ ይበልጣል»

በዓመት 120,000 ዶላር ይከፈለው የነበረ ሰው ይህን ለ2,080 የሥራ ሰዓት ሲያካፍል በሰዓት 58 ዶላር ገደማ ይሆንለታል፤ ስለዚህ በ1099 የቀረበለት 65 ዶላር ዕድገት ይመስለዋል። ነገር ግን ኮንትራክተር ላልሠራበት ሰዓት አይከፈለውም። ከ2,080 ሰዓት ላይ 11 የፌዴራል በዓላት 88 ሰዓት ይወስዳሉ፤ ለሕመምና ለዕረፍት ሦስት ሳምንት ብቻ ቢያዝ 120 ሰዓት ይሄዳል፤ በአንዱ ውል ማብቂያና በሌላው መጀመሪያ መካከል ስምንት ሳምንት ባዶ ቢያልፍ፣ ይህም በዚህ ዕድሜ ያልተለመደ አይደለም፣ 320 ሰዓት ይጎድላል። የሚቀረው 1,552 ሰዓት ነው፤ በ65 ሲባዛ ወደ 101,000 ዶላር ይመጣል። የቀድሞውን 120,000 በእነዚሁ ሰዓታት ለማግኘት ብቻ ከ77 ዶላር በላይ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህም ግብሩና የጤና መድኑ ሳይነሣ ነው። ተቀጣሪ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት የጡረታ ዋስትና) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) 7.65 በመቶ ሲከፍል ቀጣሪው ሌላ 7.65 ይጨምርለታል፤ በ1099 የሚሠራ ሰው ግን ሁለቱንም፣ ማለትም 15.3 በመቶውን፣ ራሱ ይሸከማል። የገቢ ግብሩንም በዓመት አራት ጊዜ፣ በሚያዝያ፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በጥር አጋማሽ ላይ በግምት አስልቶ መክፈል አለበት፤ ይህን የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ ይደነግጣል። በግል ለሚገዛ የጤና መድን ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ የ64 ዓመት ሰው የ21 ዓመት ወጣት ከሚከፍለው እስከ ሦስት እጥፍ ድረስ እንዲጠየቅ ይፈቅዳል።

ሁሉም አቅራቢ ድርጅት በ1099 እንደማያሠራም ማወቅ ይጠቅማል። በ1986 የወጣው የግብር ማሻሻያ ሕግ ክፍል 1706፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን በሦስተኛ ወገን በኩል የሚያቀርቡ ድርጅቶች ሠራተኛውን «ተቋራጭ ነው» ሲሉ የነበራቸውን የሕግ ከለላ ስላነሣባቸው፣ አብዛኞቹ ደብሊው-2ን ወይም በባለሙያው ስም የተቋቋመ ኩባንያን ይመርጣሉ። ስለዚህ ሪክሩተሩ (የአቅራቢው ድርጅት ሠራተኛ መልማይ) ዋጋ ሲጠይቅ፣ ከቁጥሩ በፊት «በየትኛው አከፋፈል?» ብሎ መመለስ ይገባል።

«ስምህን ብዙ ሪክሩተር ዘንድ በላክህ ቁጥር ዕድልህ ይሰፋል»

አንድ ወዳጄ በአንድ ቀን ለደወሉለት ሦስት ሪክሩተሮች «ላኩልኝ» ብሎ ተስማማ። ሦስቱም የያዙት የአንዱን መሥሪያ ቤት አንድ ክፍት ቦታ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ከአንድ በላይ አቅራቢዎች ሲያየው፣ ማን ኮሚሽን ይወስዳል የሚለው ጭቅጭቅ እንዳይመጣ ብሎ ከነጭራሹ ሰረዘው። ስለዚህ ሪክሩተሩ የደንበኛውን ስም፣ የሥራውን መለያ ቁጥርና ዋጋውን በኢሜይል ሳይጽፍ እንዲወክል ፈቃድ መስጠት አይገባም፤ የተሰጠውንም ፈቃድ ከነቀኑ መዝግቦ መያዝ ነው።

የደኅንነት ክሊራንስን (የመንግሥትን ምስጢራዊ ሥራ ለመሥራት የሚሰጥ ፈቃድን) በተመለከተም ሌላ የተሳሳተ አመለካከት አለ፤ ግለሰብ ገንዘብ ከፍሎ በራሱ ሊያወጣው አይችልም፣ ስፖንሰር የሚያደርገው ለዚያ የተፈቀደለት ድርጅት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።

«ጡረታ ከጀመርኩ ኮንትራት መሥራት አልችልም»

ይቻላል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታን በ62 ዓመት የጀመረ ሰው፣ ሙሉ የጡረታ ዕድሜው እስከሚሞላበት ዓመት ድረስ (በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ ለተወለደ 67 ነው) ከሥራ የሚያገኘው ገቢ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ፣ ካለፈው ከእያንዳንዱ 2 ዶላር ላይ 1 ዶላር ከጡረታው ይያዝበታል። በ2025 ይህ መጠን 23,400 ዶላር ነበር። የተያዘው ገንዘብ ሙሉ የጡረታ ዕድሜው ሲደርስ ወርሃዊ ክፍያው እንደገና ሲሰላ ይታሰብለታል፤ ከዚያ በኋላ ገደብ የለም።

ይበልጥ የሚያስፈራው ሜዲኬር ነው። በ65 ዓመቱ በኮብራ (ከሥራ ከወጡ በኋላ የቀድሞውን መሥሪያ ቤት መድን ራስ እየከፈሉ ማስቀጠያ) ወይም በግሉ በገዛው መድን ላይ ያለ ኮንትራክተር «መድን አለኝ» ብሎ ሳይመዘገብ ቢቆይ፣ እነዚህ አሁን እየሠሩበት ካለ ቅጥር የተገኙ መድኖች ስላልሆኑ፣ ለክፍል «ቢ» (ለሐኪምና ለተመላላሽ ሕክምና) በዘገየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት ክፍል «ቢ»ን ይዞ እስካለ ድረስ በወርሃዊ ክፍያው ላይ ይጨመርበታል። በአርባዎቹ ዕድሜያቸው በዲቪ ለመጡት ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፦ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘትና ለሜዲኬር ክፍል «ኤ» (ለሆስፒታል ሕክምና) ወርሃዊ ክፍያ ላለመክፈል 40 ነጥብ፣ ማለትም የአሥር ዓመት ሥራ ያስፈልጋል። በ2025 አራቱን የዓመቱን ነጥቦች ለማግኘት 7,240 ዶላር በቂ ነበር፤ የ1099 ገቢም የሚቆጠረው ግብሩ ሲከፈልበት ነው። ገቢውን አሳንሶ ወይም ደብቆ የሚያስመዘግብ ሰው በሚያዝያ ጥቂት ሺሕ ዶላር ያተርፍና፣ በ66 ዓመቱ ሠላሳ ሁለት ነጥብ ይዞ ገና ሁለት ዓመት ሥራ ይቀረዋል።