«ዘጠኙ ገብቶልኝ አንዷ በላችኝ»፦ መልቲ ውርርድ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሰኞ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ጆሮውን ጣል ያደረገ ሰው ይህቺን ንግግር ሳይሰማ አይሳፈርም፦ «ዘጠኙ ገብቶልኝ አንዷ በላችኝ»። ተናጋሪው ሲታይ ከማዘኑ መኩራቱ ይበልጣል። ይገባዋልም፤ ዘጠኝ ጨዋታ በትክክል መገመት ቀላል አይደለም። ግን ቤቲንግ ቤቱ ለዘጠኝ አይከፍልም። ያቺ «አንዷ» ደግሞ የዕድል ጉዳይ ትመስላለች እንጂ ትኬቱ ሲቆረጥ ጀምሮ እዛው ውስጥ ነበረች። እንዴት እንደሆነ ቁጥሩን እያየን እንሂድ።

ነገሩ ራሱ ውስብስብ አይደለም። ሁለትም ይሁን ሃያ ጨዋታ በአንድ ትኬት ይታሰራል። ሁሉም ከገባ ይከፈላል፣ አንዱ ከቀረ ሁሉም ይቀራል። እንግሊዞች አኩሙሌተር ይሉታል፣ ሲያቆላምጡት አካ። አሜሪካኖች ፓርሌይ ይላሉ። ቃሉ የመጣው ፓሮሊ ከሚባል የጣልያንና የፈረንሳይ የካርታ ቁማር ቃል ነው። ያሸነፈ ሰው ገንዘቡን ሳያነሳ እዛው ጠረጴዛ ላይ ትቶ፣ በዋናውም በትርፉም ደግሞ ሲጫወት ነበር እንዲያ የሚባለው። እኛ ጋ መልቲ የሚሉ አሉ፣ ብዙው ሰው ግን ስምም አያስፈልገው። «ትኬት ቆረጥኩ» ካለ መልቲ መሆኑ ይታወቃል። በአንድ ጨዋታ ብቻ የሚቆርጥ ሰው ቤቲንግ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ነው የሚታየው።

ያ የድሮው የጠረጴዛ ልማድ ሂሳቡንም ያስረዳል። 20 ብር አለን እንበል። አርሰናል በ1.50 ኦድ (ከገባ ብሩ የሚባዛበት ቁጥር ነው)፣ ሪያል ማድሪድ በ1.40፣ ባየር ሙኒክ በ1.30 ያሸንፋሉ ብለን ቆረጥን። አርሰናል ሲያሸንፍ 20 ብሩ 30 ይሆናል። 30ው ሳይነሳ ማድሪድ ላይ ይዞራል፣ 42 ይሆናል። 42ቱ ባየር ላይ ይዞርና 54 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። ኦዶቹን በቀጥታ ብታባዟቸው 2.73 ይመጣል፣ በ20 ስታበዙት ያው ነው። ጨዋታዎቹ በአንድ ሰዓት ቢካሄዱም ልዩነት የለውም። ትኬቱ ላይ «ጠቅላላ ኦድ» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ብዜት ነው።

እስካሁን ሁሉም ደስ ይላል። ችግሩ ኦድ ሲወጣ ንጹህ አለመሆኑ ነው።

አንድ ጨዋታ ውሰዱ። ባለሜዳው 1.80፣ አቻ 3.60፣ እንግዳው 4.50። 1ን ለእያንዳንዱ ኦድ ብታካፍሉት ቤቱ የሰጠው የመሆን ዕድል ይወጣል፦ 55.6 በመቶ፣ 27.8 በመቶ፣ 22.2 በመቶ። ስትደምሩት 105.6 ይሆናል። ጨዋታ ግን ከሦስቱ በአንዱ ነው የሚያልቀው፣ ስለዚህ ድምሩ 100 መሆን ነበረበት። ያቺ ትርፍ 5.6 የቤቱ ጉርሻ ናት። ግምቱ ልክ ከሆነ፣ እዚህ ጨዋታ ላይ 100 ብር ከተመደበ በአማካይ 94 ብር ከ70 ሳንቲም ገደማ ይመለሳል፣ ቀሪው የቤቱ ነው። ለአንድ ጨዋታ ይህን ያህል አያስከፋም፤ ሻይ ቤት ከፍተህ ብትሠራም ኪራይ አለብህ።

ግን መልቲ ላይ ኦዶቹ ሲባዙ ያቺ ጉርሻም አብራ ትባዛለች። ይህን ነው ብዙ ሰው ልብ የማይለው። በአምስት ጨዋታ ትኬት ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 76 ብር ነው። በአስር ጨዋታ 58። በአስራ አምስት 44። አስራ አምስት ጨዋታ የሚያስር ሰው ገና ኳሱ ሳይነካ ከግማሽ በላይ ብሩን አስረክቦ ነው የሚቀመጠው። ኦዱን ሲያይ ግን የሚታየው 300 ምናምን ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሂሳብ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኔቫዳ የቁማር ሂሳብን ለአስርት ዓመታት እየመዘገበች ኖራለች። እዚያ ቤቶቹ በተራ የአሜሪካ ፉትቦል ውርርድ ከ100 ዶላር 5 አካባቢ ሲያስቀሩ፣ በፓርሌይ ካርድ ግን 30 አካባቢ ያስቀራሉ። አንድ ዓይነት ጨዋታ፣ አንድ ዓይነት ቤት፣ ስድስት እጥፍ ትርፍ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 2018 ድረስ፣ በ1992 በወጣው የፌደራል ሕግ ምክንያት በአንድ ጨዋታ ላይ በሕጋዊ መንገድ መወራረድ የሚቻለው ኔቫዳ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሲሽረው ግዛቶቹ አንድ በአንድ ከፈቱ፣ ውርርዱም ስልክ ላይ ወጣ። ኩባንያዎቹ በማስታወቂያ አብዝተው የሚገፉት ምንን እንደሆነ መገመት አያቅትም። አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ ስልኩ ላይ «ፓርሌይ ቡስት» የሚል መልዕክት ሲጮህበት ሰምታችሁ ይሆናል።

አሁን ወደዚያች «አንዷ» እንመለስ። አስር ጨዋታ ቆረጣችሁ፣ ሁሉም ፌቨሪት (ያሸንፋሉ ተብለው የሚጠበቁ) ናቸው፣ እያንዳንዱ 70 በመቶ የመግባት ዕድል አለው። የሚያስፈራ ነገር አይታይም። ግን አስሩም አብረው የሚገቡበት ዕድል 2.8 በመቶ ብቻ ነው፣ ከ35 ትኬት አንዱ ማለት ነው። ልክ ዘጠኙ ገብቶ አንድ የሚቀርበት ዕድል ደግሞ 12.1 በመቶ ነው። አንድ ጊዜ ለመብላት፣ አራት ጊዜ ከዚያም በላይ «በአንድ ጨዋታ» መበላት አለ። ማንችስተር ዩናይትድን መራገም መብታችሁ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይገባዋል፣ ግን ያኛው ባይበላችሁ ሌላው ይበላችሁ ነበር። በአንዷ መቅረቱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በአምስት ጨዋታ የተበላ ሰው ትኬቱን ቀዶ ይረሳዋል። በአንዷ የተበላ ግን «ደርሼ ነበር» ብሎ ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል።

ቤቶቹም ይህን ያውቁታል፣ ለዚህም ነው ቦነስ የሚሰጡት። ከተወሰነ ጨዋታ በላይ ካሰራችሁና እያንዳንዱ ኦድ ከተወሰነ ካላነሰ፣ ሲገባላችሁ በመቶኛ ይጨመርላችኋል፤ ጨዋታው በበዛ ቁጥር ቦነሱም ይጨምራል። ስጦታ ይመስላል። በአስር ጨዋታው ትኬት ላይ 10 በመቶ ቢጨመር፣ በአማካይ የሚመለሰው ከ58 ወደ 64 ብር ከፍ ይላል። ጥሩ፣ ግን በአንድ ጨዋታ 94.70 ይመለስ እንደነበር አትርሱ። ቦነሱ ሰውየውን ከአራት ጨዋታ ወደ አስር ካሻገረው ሥራውን ሠርቷል።

ሌላው ገንዘብ የሚያስቀር ነገር ደንብ አለማንበብ ነው። ተራው የእግር ኳስ ውርርድ የሚቆጠረው 90 ደቂቃውና ዳኛው የሚጨምረው ባካና ደቂቃ ነው። ተጨማሪው 30 ደቂቃና ፍጹም ቅጣት ምት አይቆጠርም። ቡድኑ በፔናሊቲ አልፎ ዋንጫ ቢያነሳም፣ 90ው በአቻ ካለቀ «ያሸንፋል» ያለው ሰው ተበልቷል። የዋንጫ ፍልሚያ ባለ ቁጥር በዚህ የሚጣላ አይጠፋም። የተሰረዘ ጨዋታ ደግሞ ትኬቱን አይገድለውም። ያ ጨዋታ 1.00 ኦድ ይሰጠዋል፣ ማለትም ከብዜቱ ይወጣል፣ የቀሩት ይቀጥላሉ። ለተራዘመ ጨዋታ ግን ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ደንብ አለው።

«ከአንድ ጨዋታ ሁለት ነገር ለምን አልቆርጥም?» የሚል ጥያቄም ይነሳል። ማን ሲቲ ያሸንፋል በ1.40፣ ማን ሲቲ ሦስትና ከዚያ በላይ ያገባል በ1.90 ብላችሁ ስታባዙ 2.66 ይመጣል። ሦስት ያገባ ቡድን ግን ብዙ ጊዜ ያሸንፋልና ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት። ተባዝቶ ቢከፈል ቤቱ ነበር የሚከስረው። ስለዚህ ተራ ትኬት አይቀበለውም። ቤት ቢልደር (bet builder) ወይም ሴም ጌም ፓርሌይ የሚባለው የተፈጠረው ለዚህ ነው። እሱ ላይ ኦዱ አይባዛም፣ ኮምፒውተር በራሱ ስሌት ያወጣዋል፤ የራሱን ጉርሻም የት እንዳስቀመጠው ከውጭ ሆኖ ማየት በጣም ይከብዳል። ቢያንስ በተራው ኦድ ካልኩሌተር ይዘህ ማጣራት ትችላለህ።

አንዷ እንዳትበላቸው የሚፈልጉ ሲስተም ይቆርጣሉ። ለምሳሌ አምስት ጨዋታ መርጣችሁ «4 ከ5» ካላችሁ፣ ቤቱ አምስት የተለያዩ ባለ አራት ጨዋታ ትኬቶችን ነው የሚሠራላችሁ። 50 ብር ብትመድቡ ለአምስት ይከፈላል፣ አስር አስር ብር። ሁሉም ኦድ 1.50 ከሆነና አንድ ጨዋታ ከቀረ፣ አንደኛዋ ትኬት ብቻ ትገባለች፦ 50 ብር ከ60 ሳንቲም። ያወጣችሁትን መልሳችሁ ያዛችሁ፣ ትርፉ ስልሳ ሳንቲም። አምስቱም ከገቡ 253 ብር ይሆናል፣ ያው 50 ብር በተራ መልቲ ቢሆን ግን 380 ገደማ ነበር። ሲስተም ተአምር አይደለም፣ ፍርሃትን በገንዘብ መግዛት ነው። እንግሊዞች ለእነዚህ ስም ማውጣት ይወዳሉ፦ አራት ምርጫ አስራ አንድ ውርርድ የሚሆነው ያንኪ ነው፣ ስምንት ምርጫ 247 ውርርድ የሚሆነው ጎልያድ። በአንድ ፓውንድ ጎልያድ እቆርጣለሁ ያለ ሰው 247 ፓውንድ ይዞ መምጣት አለበት።

ካሽ አውትም፣ ማለትም ትኬቱ ሳያልቅ ቤቱ ባቀረበው ዋጋ ገንዘብ ወስዶ መውጣት፣ እንደዚያው ነው። የአስር ጨዋታው ትኬት 20 ብር ተመድቦበት 402 ብር ሊያመጣ ነው፣ ዘጠኙ ገብቷል፣ የቀረችው ጨዋታ 70 በመቶ ዕድል አላት። ትኬቱ በዚያች ሰዓት ያለው ትክክለኛ ዋጋ 281 ብር ነው። ስልኩ ላይ የሚታየው ግን ከዚያ ያነሰ ነው፣ 250 እንበል። ልዩነቱ ሁለተኛ ጉርሻ ነው። ከአንድ ትኬት ሁለት ጊዜ ተቆረጠላችሁ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ግን 250 ብር የሚያስፈልገው ሰው ቢወስደው አልፈርድበትም።

ከገባ በኋላ ደግሞ ግብር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር፣ ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ነፃ አድርጎ። በዚያ ስሌት 5,000 ብር የገባለት ሰው 4,250 ይዞ ይወጣ ነበር። ሕግ ስለሚሻሻል የዛሬውን ተቀናሽ ትኬቱ ላይ ማየት ነው የሚሻለው። በተረፈ ለአንድ ትኬት የሚከፈል ጣሪያም አለ። ኦዱ ተባዝቶ ሚሊዮኖች ቢያሳይም ቤቱ ከጣሪያው በላይ አይከፍልም። ሃያ አምስት ጨዋታ የሚያስሩ ሰዎች ይህቺን መስመር አንብበዋት ያውቁ ይሆን?

መልቲ ቤቱን ራሱን የበላበት ቀንም ነበር። መስከረም 28 ቀን 1996 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ እንግሊዝ አስኮት በተባለው የፈረስ ሜዳ ሰባት ሩጫ ነበር፣ ፍራንኪ ዴቶሪ የተባለ ጋላቢ በሰባቱም ይጋልባል። ስሙን የሚወዱ ብዙ ተራ ሰዎች ሳንቲም ሳንቲማቸውን አዋጥተው ሰባቱንም በአንድ ትኬት አስረውለት ነበር። ሰባቱም የመግባታቸው ኦድ ከ25,000 በላይ ነው፣ ማንም አልፈራም። አንደኛው ገባ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው... ስድስተኛው ሲገባ አቋማሪዎቹ ላብ በላብ ሆኑ፤ ምክንያቱም በመላ አገሪቱ የተቆረጡት ትኬቶች ሁሉ ተጠራቅመው በአንድ ፈረስ ላይ ወደቁ። ፉጂያማ ክሬስት ይባላል። ጠዋት ላይ አንድ ፓውንድ አስራ ሁለት ያመጣበት ነበር። ኪሳራቸውን ለመቀነስ ራሳቸው አቋማሪዎቹ ሜዳው ላይ ገንዘብ ስላፈሰሱበት፣ ሩጫው ሲጀመር አንድ ፓውንድ ሁለት ብቻ የሚያመጣበት ፈረስ ሆነ።

ፉጂያማ ክሬስት መርቶ ጀመረ፣ መርቶ ጨረሰ፣ ለጥቂት። አቋማሪዎቹ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ከፈሉ። ዴቶሪ ከዓመታት በኋላ ፈረሱን ገዝቶ ቤቱ ወሰደው፣ እዛው ሣር ሲግጥ አረጀ።