ከባሕር ለሚመጣ ወረራ ዳርቻና ወደብ እንዴት ይመዘናል

ከባሕር ወደ የብስ የሚደረግ ወረራ ከመታቀዱ በፊት የጠላት ጠረፍ ይጠናል፤ ጦሩ የሚያርፍባቸው ዳርቻዎችና ከዚያ በኋላ ስንቅና ትጥቅ የሚገባባቸው ወደቦችም እየተመዘኑ ይመረጣሉ። ሥራው የውሃ ጥናት፣ የአፈር ጥናት፣ የመንገድ ሥራና የስለላ ድብልቅ ነው። ባሕር በር ለሌለው አገር አንባቢ ሩቅ ጉዳይ ቢመስልም፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ወይም በገላን በኩል ለሚኖር ሰው የነገሩ ግማሽ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ ዕቃ ጭነው የመጡ ተሳቢዎች በቃሊቲ መንገድ ዳር ተራ ሲጠብቁ፣ ወይም አንዱ በክረምት ከአስፋልት ወርዶ በአቃቂ ዋልካ ውስጥ ጎማው ሲዋጥ፣ የወረራ ዕቅድ አውጪዎችን እንቅልፍ የነሱት ሁለት ጥያቄዎች እዚያው ይታያሉ፦ መሬቱ ክብደት ይሸከማል ወይ? የገባው ዕቃስ በቀን ምን ያህሉ ወደ መሀል አገር ይወጣል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሚጠናው ውሃው ነው። በቀይ ባሕር የውሃው መነሣትና መውረድ አነስተኛ ስለሆነ ምጽዋን ወይም አሰብን የሚያውቅ ሰው የባሕር ሙላትና ጉድለት ለጦር ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ላይገምት ይችላል። በኮሪያዋ ኢንቾን ግን በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ወደ ዘጠኝ ሜትር ይደርሳል፤ ውሃው ሲሸሽም ለጀልባም ለእግረኛም የማይመች ሰፊ የጭቃ ሜዳ ይቀራል። አሜሪካዊው ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1950 እዚያ ጦር ሲያሳርፍ፣ በወደቡ አፍ ያለችው የወልሚ ደሴት በጠዋቱ ሙላት፣ ከተማዋ ደግሞ በምሽቱ ሙላት እንድትያዝ የተደረገው ከዚህ የተነሣ ነው። በመካከሉ ባሉት ሰዓታት ደሴቷን የያዙት ወታደሮች ውሃው እስኪመለስ ድረስ ብቻቸውን ቆይተዋል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ የባሕር ኃይል መኮንኑ ዩጂን ክላርክ በአቅራቢያው ካለች ደሴት ሆኖ ጭቃውንና ውሃውን ሲያጠና ሰነበተ፤ በመጨረሻው ሌሊትም የፓልሚ ደሴትን የመርከብ መሪ መብራት አብርቶ መርከቦቹን አስገባ።

የውሃው ስሌት ሲሳሳት ምን እንደሚመጣ የሚያሳየው የታራዋ ጦርነት ነው። በኖቬምበር 1943 አሜሪካውያን በፓሲፊክ ውቅያኖስ ከታራዋ ደሴቶች አንዷ የሆነችውን የቤቲዮ ደሴት ሲያጠቁ፣ ደሴቷን በከበበው የኮራል አለት ላይ ጀልባዎቹን የሚያሳልፍ ውሃ ይኖራል ብለው ነበር። ዕለቱ ሙላቱ ዝቅተኛ የሆነበት ጊዜ ስለነበር ውሃው አልበቃም፤ በሰንሰለት እግር አለቱ ላይ መውጣት የሚችሉት ተሽከርካሪዎች ሲያልፉ ተራዎቹ ጀልባዎች ግን አለቱ ላይ ቀሩ። በእነሱ የመጡት ወታደሮች በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር በውሃ ውስጥ እየተራመዱ በመትረየስ ተመቱ። በ3 ቀን ውስጥ ወደ 1,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን ሞቱ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ከወረራ በፊት እየዋኙ ጥልቀት የሚለኩና እንቅፋት የሚያፈነዱ የባሕር ኃይል ቡድኖችን ማሠልጠን ጀመረች።

ቀጥሎ የዳርቻው ተዳፋት ይመጣል። በጣም ለጥ ያለ ዳርቻ ጥሩ ይመስላል እንጂ ጀልባውን ከደረቁ መሬት ርቆ እንዲቆም ያደርገዋል። ጠላት በያዘው ዳርቻ ሜትር ዘርግቶ መለካት ስለማይቻል ዘዴ ተፈልጎለታል። ሞገድ ወደ ጥልቀት አልባ ውሃ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በታወቀ የጊዜ ልዩነት የተነሡ ሁለት የአየር ፎቶግራፎች ላይ ሞገዱ የተጓዘውን ርቀት የለካ ሰው የውሃውን ጥልቀት ማስላት ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ይህን ዘዴ ተጠቅመውበታል። ከዚህ በተጨማሪ ሕዝቡ በሰላም ጊዜ ለሽርሽር ሄዶ ያነሣቸውን የአውሮፓ ዳርቻ ፎቶግራፎችና የገዛቸውን ፖስት ካርዶች እንዲልክ በሬዲዮ ጠይቀው እጅግ ብዙ ሰበሰቡ። በ1982 የፎክላንድ ጦርነት ደግሞ ኢዋን ሳውዝቢ ቴልዩር የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ቀደም ሲል እዚያ ተመድቦ ሳለ በጀልባ እየዞረ የመዘገበው የጠረፍ ማስታወሻ ለማረፊያው ምርጫ ዋና መረጃ ሆኗል።

ፎቶግራፍ የማይነግረው ግን ከአሸዋው በታች ያለውን ነው። የአቃቂን ወይም የቦሌ አራብሳን ጥቁር መሬት በበጋ ያየ ሰው ድንጋይ ነው ብሎ ሊምል ይችላል፤ ሐምሌ ሲገባ ያው መሬት መኪና ይውጣል። በ1944 የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የካናዳ ጦር ባረፈበት በፈረንሳዩ የኖርማንዲ ዳርቻ ላይ የነበረው ጥርጣሬም ይኸው ነበር፤ የጂኦሎጂ መረጃዎች ከአሸዋው ሥር ጭቃና የበሰበሰ ዕፅዋት ንጣፍ እንዳለ ይጠቁሙ ነበር። በ1943 የመጨረሻ ሌሊት ሎጋን ስኮት ባውደንና ብሩስ ኦግደን ስሚዝ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወታደሮች ከባሕር ዋኝተው ወጥተው፣ የጀርመን ዘበኞች በሚመላለሱበት ዳርቻ በመሰርሰሪያ የአፈር ናሙና ወስደው ተመለሱ። በዚህ ዓይነቱ ጥናት መሠረት ለስላሳውን ቦታ የሚሸፍን የሸራ ምንጣፍ ከፊቱ እየዘረጋ የሚሄድ ታንክ ተሠራ። ይህ ጥንቃቄ የመጣው በከፊል ከዲየፕ ውድቀት ነው። ኦገስት 19 ቀን 1942 በዚያች የፈረንሳይ ወደብ ያረፉት ታንኮች ብዙዎቹ በዳርቻው ድቡልቡል ጠጠር ላይ ሰንሰለታቸው እየተንሸራተተና እየተበጠሰ ቀርተዋል፤ ከ900 በላይ ካናዳውያንም በዚያ ዘመቻ ሞተዋል።

ዳርቻው ጦሩን ቢቀበልም መውጫ ከሌለው ወጥመድ ነው። ኦማሃ ተብሎ በተሰየመው የኖርማንዲ ዳርቻ ከአሸዋው ጀርባ ገደል ቆሟል፤ ለተሽከርካሪ የሚሆኑት መውጫዎች 5 ሸለቆዎች ብቻ ነበሩ፤ ይህን ጀርመኖችም ስለሚያውቁ ምሽጎቻቸውን የሠሩት በእነዚያ አፎች ዙሪያ ነው።

ወደብን መመዘን በተፈጥሮው ሌላ ዓይነት ስሌት ነው። መጠጊያው ስንት መርከብ ይይዛል? ክሬኖቹ ምን ያህል ያነሣሉ? ባቡሩና መንገዱስ የወረደውን ያነሡታል ወይ? ከሁሉ የሚከብደው ግን ጠላት ሲለቀው ምን አድርጎት ይሄዳል የሚለው ነው። የፈረንሳይዋ ሼርቡርግ በጁን 1944 መጨረሻ ስትያዝ ጀርመኖች ወደቧን አፍርሰውና ፈንጂ ሞልተው ስለነበር የመጀመሪያው ጭነት የወረደው በጁላይ አጋማሽ ነው። የቤልጂየሟ አንትወርፕ ደግሞ በተቃራኒው ሴፕቴምበር 4 ቀን ከነክሬኖቿ ተያዘች፤ ወደ ባሕር የሚወስደው የሼልት ወንዝ አፍ ግን በጀርመኖች እጅ ስለቀረ የመጀመሪያው የመርከብ ጓድ የደረሰው ኖቬምበር 28 ቀን ነው። በእኔ ግምት በዚያ ዓመት ከተፈጸሙት የዕቅድ ስሕተቶች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው፤ አዛዦቹ ለወደቡ እንጂ ወደ ወደቡ ለሚያስገባው መንገድ በጊዜው በቂ ትኩረት አልሰጡም። ወደብ እስኪገኝ ተብሎ እየተጎተተ በኖርማንዲ የተተከለው ሰው ሠራሽ ወደብ እንኳ ሁለት ነበር፤ አንደኛውን የጁን ማዕበል ሰባበረው። የእኛ አካባቢ ምሳሌ ምጽዋ ናት፤ ጣሊያኖች በ1941 ሲሸነፉ መርከቦችን አስጥመው የወደቧን አፍ ዘጉ፤ በቀጣዩ ዓመት አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤልስበርግ መጥቶ የሰመጡትን እያነሣ ወደቡን ወደ ሥራ መለሰ።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት በራሳችን ታሪክ ውስጥ የተደረገው ምዘና ዙላ ላይ ያለው ነው። እንግሊዞች ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ሲነሡ በ1867 መጨረሻ አካባቢ አጥኚ ቡድን ወደ ቀይ ባሕር ላኩ፤ በቡድኑ ውስጥ ከኤደን የመጣው ኮሎኔል ሜርወዘር ነበር። የታወቀችው ወደብ ምጽዋ ሆና ሳለ የጥንቷ አዱሊስ አጠገብ ያለው የዙላ ባሕረ ሰላጤ ተመረጠ፤ ለብዙ መርከቦች የሚበቃ የተከለለ ውሃ ነበረው፤ በኩማይሊ አድርጎ ወደ ሰንዓፌ ደጋ የሚያወጣው ሸለቆም ቅርብ ነበር። ድካሙ በሁለት ነገር መጣ። ውሃው በዳርቻው አጠገብ ጥልቀት ስለሌለው ረጅም የመርከብ ማራገፊያ ድልድይ መገንባት ግድ ሆነ፤ የሚጠጣ ውሃ ደግሞ ጨርሶ አልነበረም። መጀመሪያ የደረሱት በቅሎዎች በውሃ ጥምና በበሽታ በብዛት አለቁ፤ በኋላ የመርከቦች የእንፋሎት ማሽን የባሕሩን ውሃ እያጣራ ማጠጣት ጀመረ። ከዳርቻው ወደ ኩማይሊም 20 ኪሎ ሜትር የማይሞላ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። የዘመቻው አዛዥ ሮበርት ናፒየር በጃንዋሪ 1868 ሲደርስ ወደ 13,000 ወታደርና ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች በዚያች ጠባብ በር እየገቡ ነበር። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው መቅደላ ኤፕሪል 13 ቀን ተያዘች፤ በጁን ወር የመጨረሻዎቹ ጓዞች በመጡበት ዙላ ወደ መርከብ ይጫኑ ነበር።