የካርቦን ክሬዲት በብሎክቼይን

አንድ የካርቦን ክሬዲት አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ወይም ተመጣጣኙ ሌላ ጋዝ) ወደ አየር እንዳይለቀቅ መደረጉን ወይም ከአየር መወገዱን የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው። በብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በተሰራጨ ክፍት ዲጂታል መዝገብ) ሲመዘገብ ማንም ገብቶ ሊያየው የሚችል ቶከን፣ ማለትም ዲጂታል ምልክት ይሆናል፤ አንዱን ክሬዲት ለሁለት ገዢ መሸጥም ይከብዳል።

አሠራሩ በስፋት የተሞከረው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ፖሊጎን በተባለው ብሎክቼይን ላይ ሥራ በጀመረው ቱካን ፕሮቶኮል ነው። ባለቤቱ ክሬዲቱን፣ የካርቦን ክሬዲት በሚመዘግበው ቬራ በተባለው ድርጅት መዝገብ ላይ «ጥቅም ላይ ውሏል» አሰኝቶ ያዘጋው ነበር፤ የተዘጋውን ጥቅል መለያ ቁጥርም ባች ኤንኤፍቲ ከሚባለው ቶከን ጋር ያያይዝ ነበር። ቁጥሩ ከቬራ መዝገብ ጋር ከተመሳከረ በኋላ ጥቅሉ እያንዳንዳቸው አንድ ቶን ወደሚወክሉ ቲሲኦ2 ቶከኖች ይመነዘር ነበር። እነዚህ የፕሮጀክቱን ማንነትና ቅነሳው የተካሄደበትን ዓመት እንደያዙ ይቆዩ ነበር። ባለቤቱ ቢሲቲ ወደተባለው የጋራ ቋት ካስገባቸው ግን በምላሹ የሚቀበለው ቶከን ፕሮጀክት አይለይም ነበር። አንዴ ወደ ብሎክቼይን የተሻገረ ክሬዲት ወደ ቬራ አይመለስም። በዚህ መንገድ ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ ተሻግሯል።

ጣጣው የመጣው ከቋቱ ነው። የገባው ሁሉ እኩል ስለሚታሰብ ሻጩ ካለው ላይ ርካሹን መርጦ ያስገባል። ክሊማዳኦ የተባለው የክሪፕቶ ፕሮጀክት ቢሲቲን በብዛት መሰብሰብ ሲጀምር ለዓመታት ገዢ ያጡ አሮጌ ክሬዲቶች ጎረፉ፤ ኤችኤፍሲ-23 ከተባለው የፋብሪካ ጋዝ የተገኙት ኋላ ላይ ታገዱ። ተቺዎች ይህን የአሠራሩ ውድቀት ይሉታል። ይሁንና የትኛው ፕሮጀክት ስንት ቶን እንዳስገባ ማንም ሰው ቆጥሮ ሊደርስበት የቻለው መዝገቡ ክፍት ስለነበረ ነው።

ቬራ በሜይ 25 ቀን 2022 የተዘጋ ክሬዲትን ወደ ቶከን መቀየር ከለከለ። መከራከሪያው ግልጽ ነበር፦ የተዘጋ ክሬዲት ጥቅሙ አልቋል፤ ያለቀ ነገር ተመልሶ ከተሸጠ ገዢው ግራ ይጋባል።

ብሎክቼይን ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል የሚለው ወቀሳ በአብዛኛው የሚመለከተው ቢትኮይንን ነው። ሌላው ብሎክቼይን ኢቴሪየም በሴፕቴምበር 2022 አሠራሩን ቀይሮ ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ብሎክቼይን የተጻፈውን ከመነካካት ይጠብቃል እንጂ ለክሬዲቱ መነሻ የሆነው ደን መኖሩን አያይም። ፕሮጀክቱ ባይኖር ይጠፋ ነበር የተባለው የደን መጠን ተጋንኖ ከተገመተ፣ የተጋነነው ቁጥር ቶከን ሆኖ ይቀመጣል። የመስክ ልኬት፣ የሳተላይት ምስልና ገለልተኛ አረጋጋጭ አሁንም ያስፈልጋሉ።

በዲሴምበር 2022 ይፋ የሆነው ክላይሜት አክሽን ዳታ ትረስት ጠበብ ያለ ድርሻ ይዟል። የመሠረቱት የዓለም ባንክ፣ የሲንጋፖር መንግሥትና ዓለም አቀፉ የልቀት ንግድ ማኅበር ናቸው። ቺያ በተባለው ብሎክቼይን ላይ ከተለያዩ መዝገቦች የፕሮጀክቶችንና የክሬዲቶችን መረጃ እያሰባሰበ ድግግሞሽ እንዲለይ ያግዛል፤ ክሬዲት ግን አያገበያይም።