ለስላሳ ምግብ ምንድን ነው? ብሬስ ላሰሩ ሁሉ

«ብሬስ ካሰርክ በቃ፣ ለስላሳ ምግብ ብቻ ነው። ሾርባ፣ ጁስ፣ እርጎ። ሁለት ዓመት ቻለው።» ሰሞኑን አንድ ሰው ይህን ምክር በሙሉ ልብ ሲሰጥ ሰማሁ። የሚያመሰግነው ብዛቱ! እኔ የምተዳደረው ጥርስ በማስተካከል ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ብሬስ ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ መሆኑን ታውቃላችሁ፣ አላብራራም። የሚያናድደኝ «ለስላሳ ከሆነ ደህና፣ ጠንካራ ከሆነ ክልክል» የሚለው ሒሳብ ነው። እኛ ሐኪሞች «ለስላሳ ብሉ» ስንል በሆዳችን ሦስት ጥያቄ ይዘን ነው። ሲነከስ ብራኬቱን (ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ሽቦውን የሚይዘውን ትንሽ ቁራጭ) ይገፋዋል ወይ? ይጣበቃል ወይ? አፍ ውስጥስ ምን ያህል ይቆያል? ሦስተኛውን ማንም አያነሳውም። ብዙ ጥርስ የሚበላሸው ግን በእሱ ነው።

ሻወር ቤት ሴራሚክ ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፈውን የፎጣ መስቀያ አስቡት። ፎጣ ብቻ ብትሰቅሉበት ለዓመታት ይቆያል። ልጅ ከተንጠለጠለበት ግን ወዲያው ይረግፋል። ብራኬትም እንደዚያው ነው። ሽቦው የሚስበው በቀስታ ነው፤ ማጣበቂያው ይህን ይችላል። ቆሎ ግን ድንገት ነው የሚመጣው። የላይኛው ጥርስ ፍሬውን ከታች ባለው ብራኬት ጠርዝ ላይ ሲጫነው ብራኬቱ ከጎን ይፈነቀላል። የሚጣበቅ ከረሜላና ማስቲካ ደግሞ መስቀያውን ይዘው ወደ ውጭ የሚጎትቱ ናቸው፤ ለስላሳ መሆናቸው አያድናቸውም። የመስቀያው ጥግ ላይ ሳሙናና ቆሻሻ ይጠራቀማል። አንድ ቀን ስታነሱት ዙሪያውን ምልክት ታገኛላችሁ። ምሳሌዬ እዚህ ጋ ያነክሳል፤ የሴራሚኩ ምልክት ቢታሽ ይለቃል፣ የጥርሱ በቀላሉ አይለቅም።

ይህ የጥርስ ምልክት ድፍን ነጭ ነው። ብራኬቱ ዙሪያ የተጣበቀው ቆሻሻ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመርታሉ። ፒኤች (የአሲድ መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው) ከ5.5 አካባቢ ሲወርድ የጥርሱ የላይኛ ሽፋን ካልሲየሙን መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ ነገሩን ወደ ቦታው ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በየአሥር ደቂቃው ጁስ የሚጎነጭ ሰው ይህን ዕረፍት ለጥርሱ አይሰጠውም። ጽዳት ከጎደለ ነጩ ምልክት በአንድ ወር ውስጥ ሊታይ ይችላል።

ታዲያ ወንድሜ፣ «ሾርባ፣ ጁስ፣ እርጎ» ያልከው ምክር የት እንደሚያደርስ ልንገርህ። አንዲት ተማሪ ነበረች። አንድም ብራኬት አልረገፈባትም፤ ጠንካራ ነገር በአፏ አልዞረም። የማንጎ ጁሱ ጠርሙስ ግን ቀኑን ሙሉ ዴስኳ ላይ ነበር። ብሬሱን ስናወልቅ ጥርሶቿ ቀጥ ብለዋል። ብራኬቱ የነበረበት አራት ማዕዘን ንጹሕ ነው፤ ዙሪያው ግን ነጭ ፍሬም ሆኗል። እናቷ «ዶክተር፣ ይሄ ማጣበቂያው ነው አይደል?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ጣፋጭ ጨርሶ ይቅር አልልም። ከምሳ ጋር በአንድ ጊዜ ጠጥቶ አፍን በውሃ መጉመጥመጥና ቀኑን ሙሉ እየጎነጩ መዋል አንድ አይደሉም። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይም ሒሳቡ ያው ነው።

ወደ ገበታው ስንመጣ ምግቡን ከመከልከል በፊት መልኩን መቀየር ይቀድማል። ገብሱ ቆሎ ሲሆን ብራኬት ይነቅላል፤ ያው ገብስ ተፈጭቶ በሶ ሲሆን ችግር የለውም። ስኳሩን ቀነስ፣ ከበሉ በኋላ ቦረሽ ማድረግ ነው፤ በሶ ሽቦ ሥር መደበቅ ይወዳል። ጥሬ ካሮት ይቅር፣ አልጫ ውስጥ የበሰለው ይበላ። የበቆሎ እሸት በእጅ ተፈልፍሎ፣ ፖም በስሱ ተቆርጦ በኋላ ጥርስ። ቁርጥ የሚወድ ሰው በጥርሱ ነክሶ ይዞ በቢላ መቁረጡን ይተውና ሳህን ላይ ያድቅቀው። (የኮሶው ጉዳይ የእኔ ሙያ አይደለም፣ ግን አለ።) ሸንኮራና አጥንት መጋጥ ላይ አልደራደርም። ፈንዲሻም ለስላሳ መስሎ ያታልላል፤ ቅርፊቱ ድድ ሥር ገብቶ ያሳብጣል። ቡና ሲፈላ ቆሎውም ፈንዲሻውም አብረው ይቀርባሉና የእናንተ ፈተና እዚያ ነው።

በእንጀራ ግን ዕድለኞች ነን። ቆርሶ የሚጠቀልለው እጅ ነው፤ የፊት ጥርስ ሥራ ፈት ነው። ጉርሻውን ብቻ አነስ አድርጉት። አልጫው ውስጥ ያለው እርድ ሽቦውን ከብራኬቱ ጋር የሚያስረውን ነጭ ላስቲክ ቢጫ ያደርገዋል፣ ጉዳት ግን የለውም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይቀየራል።

ሾርባ፣ አጥሚት፣ ገንፎ የሚባለው ምክር ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ብሬሱ በታሰረና በጠበቀ ቁጥር ሕመሙ በማግስቱ አካባቢ ይበረታል፣ ከዚያ በጥቂት ቀናት ይለቃል። ያኔ ጥርስ ሙዝም ይከብደዋል። ሲሻላችሁ ወደ ምግባችሁ ተመለሱ። ለዕድገት የሚበላ ልጅን ሁለት ዓመት በሾርባ ማኖር ሕክምና አይባልም።

ሳትጠይቁኝ አንድ ልጨምር። ፍሎራይድ በበዛበት የስምጥ ሸለቆ ውሃ ያደጋችሁና ጥርሳችሁ የበለዘ፣ ማጣበቂያው እናንተ ጋ እንደ ሌላው ሰው ላይዝ ይችላል። ከመታሰሩ በፊት ለሐኪሙ ያደጋችሁበትን ንገሩት፤ ከቆሎም ይበልጥ ራቁ።

ብራኬት ከረገፈ ደግሞ የወሩን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ደውሉ። ያ ጥርስ መንቀሳቀሱን ያቆማል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። የረገፈውን አትጣሉት፣ ይዛችሁት ኑ።