«ከአቴና ጋር እጅህንም አንቀሳቅስ»

በቅርቡ በአንድ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ «ከአቴና ጋር እጅህን አንቀሳቅስ» ብሎ ጻፈና (አቴና የጥንት ግሪኮች የጥበብና የእጅ ሙያ እንስት አምላክ ናት) ጥንታውያን ግሪኮች ጸሎት ከንቱ መሆኑን የተናገሩበት ነው ሲል ተረጎመልን። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ልቤ አላረፈም። የጣላት አንዲት ፊደል ናት፤ «ም»። ግሪኮች ዛሬም «ሲን አቲና ኬ ሂራ ኪኒ» ይላሉ፤ «ኬ» የምትለዋ ቃል የእኛ «ም» ናት። እጅህንም!

የታወቀው መነሻ የጥንታዊው ግሪካዊ ተረተኛ የኤዞፕ ተረት ነው። መርከብ ይገለበጣል፤ ሌላው ሁሉ ሲዋኝ አንድ የአቴንስ ባለጸጋ ለአቴና ስለት በስለት ላይ ይደረድራል፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ በአጠገቡ ሲያልፍ ይህን ቃል ይነግረዋል።

እኔ ግን ቃሉ ባሕር ላይ ተወለደ ብዬ አላምንም። የእርሻ ቃል ነው። አያቴ የዓመቱን የመጀመሪያ ትልም ሲያወጣ «በስመ አብ» የሚለው በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ ነበር። ማማተቢያ እጅ አይተርፈውም። ጸሎቱ ይቅደም ማረሻው፣ ከኋላ ከኋላው እየተከተልኩ ለመለየት ብሞክርም አልሆነልኝም።

ካደግሁ በኋላ ይህንኑ ገበሬ ሄሲዮድ ዘንድ አገኘሁት። ሄሲዮድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ገደማ፣ በሄሊኮን ተራራ ሥር፣ አስክራ በምትባል መንደር የኖረ ግሪካዊ ባለቅኔ ነው። ወንድሙን ፐርሴስን እርሻ ሲያስተምር፣ ወደ አማልክቱ አለቃ ዜውስና ወደ እህል እናቲቱ ዴሜትር የሚጸለየው እርፉ ተጨብጦ በሬዎቹ ሲነኩ መሆኑን ይነግረዋል። በሬዎቹም 9 ዓመት የሞላቸው፣ ትልም መሃል ተዋግተው ማረሻ የማይሰብሩ ይሁኑ ይላል። ከኋላ ደግሞ አንድ ባሪያ ዘሩን በመቆፈሪያ አፈር እያለበሰ ወፎቹን ያስቸግራቸው።

አቴናም ከዚያው እርሻ አልራቀችም። የማረሻውን እንጨት በእንጨት ሚስማር አጋጥሞ ከሞፈሩ ጋር የሚያያይዘውን አናጢ ሄሲዮድ የአቴና አገልጋይ ይለዋል። እንግዲህ እርፍ የጨበጠ ሁሉ የአቴናን ሥራ ጨብጧል። «ከአቴና ጋር» የተባለው ከዚህ ነው፤ ባሕረኞች ኋላ ከገበሬ ወሰዱት። ሌላም አለኝ። ሄሲዮድ ነቀዝ አይደፍራቸውም ብሎ ለሞፈር ከመረጣቸው እንጨቶች አንዱ ሎሬል ነው። ዘጠኙ ሙዛዎች፣ የዜማና የቅኔ እንስት አማልክት፣ ሄሲዮድ በሄሊኮን ሥር በግ ሲጠብቅ ተገልጠው ሰጡኝ የሚለው በትርም ሎሬል ነበር። ግጥምጥሞሽ ነው የሚሉኝ አሉ፤ እኔ አልቀበላቸውም። በዚያ አገር የገበሬው ሞፈርና የባለቅኔው በትር ከአንድ ዓይነት ዛፍ ይቆረጡ ነበር።

ታዲያ ይህን ቃል የታመመ ሰው ስለት ሲሳል፣ ሥራ ያጣ ወጣት ደጀ ሰላም ሲሳለም አይተው ለመገሠጫ የሚመዙት ሰዎች ያሳዝኑኛል። በተረቱም ቢሆን ተናጋሪው ዳር ቆሞ አልነበረም፤ በዚያው ማዕበል ውስጥ እየዋኘ ነው የተናገረው።