ገዥ ራሱ በሚለቅምባቸው የኮምቦልቻና የደሴ ጓሮዎች የፍራፍሬ ብክነትን መቀነስ

ገዥ ራሱ የሚለቅምበት ጓሮ ደንበኛው ወደ ማሳው ገብቶ የመረጠውን ፍሬ ከዛፉ ቆርጦ፣ አስመዝኖና ከፍሎ የሚሄድበት የሽያጭ ዓይነት ነው። ባለቤቱን ከለቀማና ከማጓጓዝ ወጪ ስለሚያሳርፍ እንደ ኮምቦልቻና ደሴ ዙሪያ ላሉ አነስተኛ ጓሮዎች የተመቸ ነው። ሆኖም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 14 በመቶ ያህሉ ምግብ ከተሰበሰበ በኋላ ችርቻሮ ገበያ ሳይደርስ ይጠፋል፤ በጓሮ ሽያጭ ደግሞ ጥፋቱ በመኪና ላይ መሆኑ ቀርቶ ከዛፉ ሥር ይሆናል።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ 2,500 ሜትር ገደማ ትደርሳለች። በዚህች አጭር መንገድ ከታች ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካንና ዘይቱን፣ ከላይ ኮክና ፖም መገኘቱ የወሎ ምድር ጸጋ ነው። ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድም ከኮምቦልቻ ስለሚገነጠል ከተማዋ የታወቀች የመንገደኛ ማረፊያ ናት።

ብክነትን ለመቀነስ ከሁሉ የሚቀድመው የትኛው ፍሬ ከተቆረጠ በኋላ እንደሚበስል፣ የትኛው እንደማይበስል ማወቅ ነው። ብርቱካንና ሎሚ አንዴ ከተቆረጡ ጣዕማቸው አይሻሻልም፤ በሌላ በኩል ከደረሱ በኋላ ለሳምንታት ዛፍ ላይ ስለሚቆዩ ዛፉ ራሱ ጎተራቸው ነው። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ ስለዚህ ለስላሳውን የሚፈልግ ገዥ ፍሬውን ሁሉ በጣቱ እየጫነ ቢሄድ፣ የተጫነው ቦታ ከቀናት በኋላ ጠቁሮ ይበላሻል። ማንጎ የደረሰ መሆኑ የሚታወቀው በቀለሙ ብቻ ሳይሆን በጭራው ዙሪያ ያለው ትከሻው ሲሞላ ነው። ፓፓያ ቆዳው ላይ ቢጫ መስመር ሲያሳይ ሊቆረጥ ይችላል። ዘይቱን ግን በስሎ ከተለቀመ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም፤ ልጆች በዱላ የሚያረግፉት ደግሞ በማግስቱ ይላሽቃል። ይህ ጸሐፊ በኮምቦልቻ ዳርቻ ባየው አንድ ጓሮ ባለቤቲቱ ረጅም ሸምበቆ ጫፍ ላይ የሽቦ ቀለበትና የጨርቅ ከረጢት አስረው ለገዥ ይሰጡ ነበር፤ ፍሬው መሬት ሳይነካ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። የሚለቀምባቸውን ዛፎችም በቀይ ጨርቅ ያመለክታሉ። ይህን የመሰለ ቀላል ሥርዓት ብዙ ፍሬ ያድናል።

የወደቀ ፍሬ አያያዝ የሚያከራክር ጉዳይ ነው። አንዳንድ ገበሬዎች እዚያው ቢበሰብስ ለአፈሩ ፍግ ይሆናል ይላሉ። ነገር ግን በፍራፍሬ ዝንብ የተወጋ ፍሬ ውስጥ ያለው ትል ወደ አፈር ገብቶ፣ ዝንብ ሆኖ ተመልሶ የቀረውን ምርት ስለሚያጠቃ ይህ አስተያየት ተቀባይነት የለውም። ትል የገባበት ፍሬ በየቀኑ ተለቅሞ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ መቀበር፣ ወይም በታሰረ ጥቁር ላስቲክ ተደርጎ ለቀናት ፀሐይ ላይ መቀመጥ አለበት። ጤነኛው የወደቀ ፍሬ ግን ሌላ ነው፤ ከእህል ማሳ ቃርሚያ እንደሚለቀመው ሁሉ እሱም ለጎረቤት፣ ለጭማቂ ወይም ለማርመላታ ይውላል።

የተለቀመውን ለማቆየት በጡብ ድርብ ግድግዳ መካከል እርጥብ አሸዋ የሚሞላበት ማቀዝቀዣ ያለ መብራት ይሠራል፤ በበጋው ደረቅ አየር ጥሩ ነው፣ በክረምት ግን እርጥበቱ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ያልበሰለ ማንጎ ወደ ደሴ የሚወስድ ሰው ደግሞ ሌሊቱን ውጭ ማሳደር የለበትም፤ ብርድ ከመታው ቆዳው ይጠቁራል፣ ውስጡም በወጉ አይበስልም።

በጾምና በረመዳን ወራት የጭማቂ ፍላጎት ስለሚጨምር፣ አስቀድሞ ከጭማቂ ቤቶች ጋር የተነጋገረ ባለጓሮ መልኩ ያላማረውን ነገር ግን ጤነኛ የሆነውን ፍሬ ሳይጥል፣ ከለቃሚዎች የተረፈውን ማታውኑ በሳጥን ያስረክባል።